ሁሉም ተስማሚ ነው

ዓይኑ ሊጠፋ የተቃረበ ሰው «ና፣ ዓይንህን እናክምልህ» ተብሎ ሲጠራ ለምን ይቀራል?

ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የዚህን ጥያቄ መልስ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል። ጥበቃው «ሰዉ ሰነፍ ነው» አለኝ። ካርድ ክፍል ያሉት «ቁጥር ይቀያይራሉ» አሉ። ኃላፊያችን ደግሞ ነገሩን በቀይና በሰማያዊ ሥዕል አስጊጦ በየስብሰባው ግድግዳ ላይ ያበራው ነበር፤ ርእሱ «የቀጠሮ ባህል አለመዳበር» ይላል። ባሕር ማዶ በተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ርእስ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እዚህ ከራሳችን ሰው አፍ ስሰማው ግን ልክ ነው በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደነቀነቅኩ አላውቅም። ከተመለስኩ ጀምሮ የማላምንበት ነገር ላይ ሁሉ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ «ፈረንጁ» እንዳይሉኝ ብዬ ነው መሰለኝ። ማለታቸው ግን አልቀረም።

ኃላፊውን ሠራተኛው ሁሉ በሌለበት «አቶ ሲስተም» ይለዋል። ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ሲስተሙ ፈቀደ፣ ሲስተሙ ከለከለ፣ ሲስተሙን አታስቸግሩት። አልጋ ላይ ስለዋለ ዘመዱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቢሮው ውስጥ የሚሽከረከር ትልቅ ወንበር አለው፤ ከተገዛ ቆይቷል፣ የተጠቀለለበት ላስቲክ ግን እስካሁን አልተላጠም፤ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንጫጫል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይ የሚያስገድደኝ ስለሌለ አልለውም።

«ስማ ወንድሜ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ላስቲኩ እየተንጫጫ። «ለበሽተኞች ጥሪ የሚልከው ሲስተም ከኛ ቋንቋና ከኛ ፊደል ጋር እንደሚስማማ የሚያረጋግጥ የባለሙያ ፊርማ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎቹ ሆስፒታሎች ሁሉ ይሄዳል።»

«ባይስማማስ?»

ሳቀ። «ተስማምቷል እኮ! እኔ የምልህ ፊርማው ነው።»

ሲስተም የሚለው ይህን ነው። የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች ስማቸው ወረፋ ውስጥ ይገባል። ተራቸው ሲደርስ ፕሮግራሙ ለስልካቸው አጭር መልእክት ይልካል፦ ተራዎ ደርሷል፣ የሚመጡ ከሆነ 1 ብለው ይመልሱ። በተሰጠው ጊዜ ያልመለሰ ሰው ስሙ በራሱ ወደ ወረፋው ጅራት ይወርዳል፤ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። ማንም ለማንም አይደውልም። መደወል ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ድሮ ይደውሉ የነበሩት ሴቶች ካርድ ክፍል ተመድበዋል፤ እዚያ ቁጭ ብለው ሰዉ ቁጥር ይቀያይራል ይላሉ።

ፕሮግራሙ የተገዛው ከሩቅ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የትኛው አገር፣ የትኛው ቋንቋ፣ የትኛው የፊደል ኮድ የሚል ቅንብር አለ፤ ፕሮግራም ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የኛን ፊደል የሚያውቅ ቅንብር ካገኘ በኛ ፊደል ይጽፋል። ምንም ካላገኘ ግን በዓለም ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ፊደል ተፈጥሮ አያውቅም ብሎ ያምንና ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት እየተካ ይቀጥላል። አይጮኽም፣ አይቆምም፣ ተሳስቻለሁ አይልም። አብረውኝ የተማሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ሁሉም ትልቅ ቦታ ላይ ናቸው።

ፕሮግራሙ የሚሠራበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለው ድሮ የአንሶላ መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መደርደሪያዎቹ አሁንም «ንጹሕ» እና «የሚታጠብ» የሚል ተለጥፎባቸዋል፤ ማሽኑ የተቀመጠው «የሚታጠብ» ላይ ነው። ጠባቂው «ጄኔሬተር» የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ስሙን ያገኘው መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ለማስነሣት በግቢው ውስጥ በመሮጡ ነው።

«እንኳን ደህና መጣህ ፈረንጁ» አለኝ። «ፕሮግራሟን ዛሬ ጠዋት በእጄ አጥፍቼ አስነሥቼልሃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለ?»

«ፈረንጁ» መባሉን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመመረቂያ ሥራዬ የሆነ፣ ራሴ የጻፍኩት መመርመሪያ ነበረኝ፤ የማሽኑን ቅንብርና የፕሮግራሙን የፊደል ኮድ አንድ በአንድ ያመሳክራል። ያን ጊዜ ያነበቡት ሁለት ፕሮፌሰሮች ናቸው፣ አንደኛው እንደሚያንቀላፋ በዓይኔ አይቻለሁ። በስሜ ገብቼ አስነሣሁት። ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር አረንጓዴ ጽሑፍ ወረደ፤ ተስማሚ፣ ተስማሚ፣ ተስማሚ። ወደ ራሴ ስልክ የሙከራ ጥሪ ላክሁ፤ ፊደሉ አንድም ሳይጎድል ገባ።

አቶ ሲስተም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አላልኩህም? ሲስተሙ ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ሰዉ ነው!»

ጄኔሬተር ሳቀ። እኔም፣ አሁን ሳስበው ይቀፈኛል፣ ፈገግ አልኩ። የማረጋገጫው ወረቀት ማኅተም ተደርጎበት እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው፣ ሰዓት ሠሪ። አባቴ ከሞተ በኋላ የላከኝ እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን አውሮፕላን ማረፊያም። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች አንዱ ከሌላው አይስማማም፤ ደንበኛ ሲጠይቅ «የምትወደውን ምረጥ» ይለዋል።

የአጎቴ በሽታ የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ሐኪም የሚያድነው ገና ያልጠፋውን ነው። ግራው ሄዷል። ቀኙ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኖበታል። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ከውጭ በዓመት አንዴ ይመጣና ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ የዘንድሮው ቆይታው በመጪው ዐርብ ያበቃ ነበር።

«እንዴት ነህ ጋሼ?»

«አንዱ ዓይኔ ጡረታ ወጥቷል፣ ሌላው ማመልከቻ አስገብቷል።» ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ እጄን ጨበጠ፤ መጀመሪያ የያዘው አየር ነበር። «እዚያ ቤት ነው አይደል የምትሠራው? እስቲ አንድ አጎት አለኝ በላቸው። መቼ ነው የሚጠሩኝ?»

«ተራህ ሲደርስ ይጠሩሃላ። ሲስተም ነው እኮ፤ በዘመድ አይሠራም» አልኩት። እንዲህ ስል ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«እሰይ! ባሕር ማዶ ልኬህ አባባል ይዘህልኝ መጣህ።»

ልጁ፣ የአጎቴ ልጅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ሱሪ ታሳጥር ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሱቋ እየመጣች ስልኩን የምታነብለት እሷ ናት። «ካርድ ካወጣ ስንት ጊዜ ሆነው» አለችኝ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «አንድ ቃል አልላኩም። ከኋላው የተመዘገቡት የሠፈራችን ሰዎች እንኳ ተጠርተው ታክመው መጡ። የሚመጣልን የአጭበርባሪ መልእክት ብቻ ነው።»

«የምን አጭበርባሪ?»

ስልኩን አቀበለችኝ። ሦስት መልእክቶች ነበሩ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት፦

??? ????? ???? ??? 1 ??? ????

«1 ብለህ ብትመልስ ሒሳብህን ሙልጭ ያደርጉታል አልኩት» አለች። «ጎረቤታችን እንዲህ ነው የተበላው። አትንካው አልኩት።»

«አልነካሁትም» አለ አጎቴ። «እኔ እንኳ ደብዛዛ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ለካ እውነትም ጥያቄ ነው የላኩት።»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። የጥያቄው መልስ እጄ ላይ ነበር። ሰዉ አልሰነፈም። ሰዉ ከማላውቀው ቁጥር የመጣ ትርጉም የለሽ ነገር አልነካም ብሎ፣ ማንኛውም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን አድርጎ ተቀመጠ። ሲስተሙ ደግሞ ይህን ሁሉ ጤነኛ ሰው ባህል የሌለው ብሎ ወደ ጅራት አወረደው።

«ምን አየህ?» አለ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ጠርተውህ ነበር» አልኩት። «ይሄ ነው ጥሪው።»

ልጁ ሱሪውን ከእጇ ጣለች። አጎቴ ግን ማጉያውን አወረደና ወደ እኔ፣ ወይም እኔ አለሁበት ብሎ ወዳሰበው ቦታ፣ ፊቱን አዞረ። «ዐርብ ሳይደርስ አስተካክለው» አለኝ። «ሌላ ነገር አትንገረኝ።»

ሰኞ ጠዋት በቀጥታ አንሶላ መጋዘኑ ገባሁ። መመርመሪያዬን አስነሣሁ፤ ተስማሚ፣ ተስማሚ። ለአጎቴ ስልክ ሙከራ ላክሁ፤ ልጁ ደውላ «አሁንስ ጥርት ብሎ ይነበባል» አለችኝ። በራሴ መጠራጠር ጀመርኩ፤ ይህ ደግሞ ብዙ ግፊት የማይፈልግ ሥራዬ ነው።

«አንተ፣ ይህ ማሽን መልእክት አበላሽቶ ያውቃል?» አልኩት ጄኔሬተርን።

«አልፎ አልፎ ያብዳል» አለ፤ ዳቦ እያኘከ ነበር። «ሰው መጥቶ ጥያቄ ምልክት ላካችሁብኝ ይላል። እኔ ገብቼ ፕሮግራሙን አጥፍቼ ሳስነሣው ይድናል።»

«ለማን ነገርክ?»

«ምኑን? ዳነ እኮ።»

ይህን እያለኝ መብራቱ ጠፋ። ማሽኑን የሚያቆየው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁሉም ነገር አብሮ ድርግም አለ። ጄኔሬተር ዳቦውን «ንጹሕ» የሚለው መደርደሪያ ላይ ጥሎ እየሮጠ ወጣ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ተነሣ፤ ጥሪ የሚልከው ፕሮግራምም ማንም ሳይነካው አብሮ ተነሣ። ጄኔሬተር እያለከለከ ተመልሶ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ።

«እንዳትነካው!» ጮህኩበት።

«እንዴ! ምን ሆነሃል? ሁሌም እኮ እኔ ነኝ የማስነሣት።»

«ሁሌም?»

«ካስታወስኩ።»

ሳይነካው ለራሴ ስልክ ሙከራ ላክሁ። ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር።

ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ወይም ጄኔሬተር በስማችን ገብተን ፕሮግራሙን ስናስነሣው የእኛን ቅንብር ይወርሳል፤ ፊደሉን ያውቃል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ራሱ ሲያስነሣው ግን ባዶ እጁን ነው የሚነሣው፤ ማንም ቋንቋ አላወረሰውም። እንግዳ ወይም ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ሁሉ ጄኔሬተር ቀድሞ በእጁ ያስነሣዋል፤ ስለዚህ ለእንግዳ ሁልጊዜ ደህና ነው። የተበላሸው እንግዳ በሌለበት ቀን ለሚጠራው በሽተኛ ብቻ ነው። የእኔ መመርመሪያም እንዲሁ ነው። በስሜ ገብቼ፣ የራሴን ቅንብር ለብሼ፣ ማሽኑን ጠየቅኩት። ማሽኑን ሳይሆን ራሴን ነበር የመረመርኩት፤ ራሴን ደግሞ ከጥንትም ተስማሚ ሆኜ ነው የማገኘው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ማሽኑ ፕሮግራሙን ሲያስነሣ ይህን ቅንብር ስጠው የሚል። ጻፍኩት። ጄኔሬተርን ማሽኑን ነቅለህ ሰካ አልኩት፤ እየፈራ ነቀለ፣ ሰካ። ሙከራው ጥርት ብሎ ገባ።

«በቃ? ይህችው ናት?» አለ ጄኔሬተር ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ። «ለዚህች ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?»

ከወንበሩ ተነሥቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሮጥኩ። ነርሷ የሐኪሙን የቀጠሮ ሰሌዳ ከፍታ አሳየችኝ፤ እስከ ዐርብ ድረስ ሞልቷል። የአጎቴ ስም ከጅራት ነበር። «እኔ ስም መጨመር አልችልም የኔ ወንድም» አለችኝ። «ሐኪሙም አይችልም። ሲስተሙ ላይ የሌለ ሰው ፋይሉ አይከፈትም። ከላይ ነው የሚጨመረው።» ከላይ ያለችው ሰው ላስቲክ የለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር።

ሁሉን ነገርኩት። ስለ መብራቱ፣ ስለ ቅንብሩ፣ ስለ ጥያቄ ምልክቱ። አንዴም አላቋረጠኝም። እንዲህ በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር፤ በኋላ እንደገባኝ ግን እያዳመጠ ሳይሆን እስክጨርስ እየጠበቀ ነበር።

«አሁን ተስተካክሏል?»

«አዎ፣ ግን...»

«ጎበዝ። አለቀ በለኛ!»

«ያለፋቸውስ ሰዎች? ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ጥሪው አልደረሳቸውም ብለን እንጻፍ፣ ወደ ፊት እንመልሳቸው። ቢያንስ ተደውሎ ይነገራቸው።»

«ወንድሜ» አለ፤ ላስቲኩ ተንጫጫ። «ሪፖርቱ ሄዷል። ሰዉ ቀጠሮ አያውቅም ብለን፣ መፍትሔው ሲስተም ነው ብለን፣ በሥዕል አስደግፈን አቅርበናል። አሁን ተመልሼ ሰዉ ደህና ነው ሲስተሙ ነው ያበደው ልበል?»

«እውነቱ እሱ ነዋ።»

«እውነት!» ቃሉን አፉ ውስጥ አዙሮ ያጣጣመው መሰለኝ፤ አልጣመውም። መሳቢያውን ከፈተና ማኅተም የተደረገበትን ወረቀት አወጣ። «አጎትህ አንዱ ነው አሉ። ጄኔሬተር ነገረኝ፤ አትቆጣው፣ አዝኖልህ ነው። እኔ በእጄ ትርፍ ቦታ አላጣም። ዐርብ ጠዋት ይግባ። አንተ ይህችን ፈርምልኝ፤ ሲስተሙ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ከቋንቋችንና ከፊደላችን ጋር ተስማሚ ነው። ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም።»

ወረቀቱን አየሁት። እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ያኔ የተሰማኝን በትክክል መናገር እፈልጋለሁ፤ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። ደስታ ነበር። ከተመለስኩ ጀምሮ እዚህ ምን እንደምሠራ፣ ለማን እንደምሆን፣ ማንን እንደምመስል ሳላውቅ ስንከራተት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ይህን ሰው መናቅ እንደምችል አወቅኩ። እስክሪብቶውን ይዤ «ተስማሚ ነው» የሚለው ላይ አቋርጬ ሰረዝኩና ከሥሩ «አልተስማማም» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት።

አልጮኸም። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አቀናና፣ «የእጅ ጽሑፍህ ግን ያምራል» አለኝ።

ደረጃውን ስወርድ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። እንዲያ ሆኜ ነው አጎቴ ሱቅ የገባሁት።

ልጁም እዚያው ነበረች። ቆሜ ተረክሁላቸው፤ በደንብ ነው የተረክሁት፣ የላስቲኩን ድምፅ ሳይቀር። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ስናገር ድምፄን ከፍ ያደረግኩ ይመስለኛል።

አጎቴ በእጁ የያዘውን የሰዓት ክዳን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ቆይ፣ አልገባኝም» አለ። «ዐርብ ይግባ ብሎህ ነበር?»

«አዎ፣ ግን በምን ዋጋ...»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ይግባ ብሎህ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«የጠየቀህ ፊርማ ነው?»

«የሐሰት ፊርማ ነው ጋሼ! ሲስተሙ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ይሄዳል። ሌሎች ሰዎች...»

«ሲስተሙን አስተካክያለሁ አላልክም አሁን?»

አስተካክዬዋለሁ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ የማንንም ስልክ አያበላሽም፣ አያስተካክልም፤ ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር።

«እኔን ጠየቅከኝ?» አለ አጎቴ። «ከዚህ እስከዚያ ቢሮ ስልክ የለም? ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፣ ዓይንህ ነው፣ ምን ልበል? አትልም? ምናልባት እኔም አትፈርም እልህ ነበር። ምናልባት። ግን ዓይኑ የማን ነው?»

«አባዬ፣ ተወው በቃ» አለች ልጁ።

«አልተወውም! አንተ ንጹሕ ሆነህ እኔ ልታወር? ያ ወንበሩን ያልላጠ ሰውዬ ሰዉን ናቀ ትላለህ፤ አንተስ? እሱ ቢያንስ ስሜን ሳያውቅ ነው ያወረደኝ።» ማጉያውን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ክዳኑን ግን በእጁ እየዳበሰ ነበር የሚፈልገው። «ሂድ የኔ ምሁር። ብርሃን ከልለህብኛል።»

በር ላይ የቆምኩ መሆኔን አላስተዋልኩም ነበር። ወጣሁ።

በነጋታው ሥራ ሳይጀመር የአቶ ሲስተም ቢሮ በር ላይ ነበርኩ። ሲመጣ በሁለት ስልክ በአንዴ እያወራ ነበር፤ ሁለቱንም እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩት።

«እፈርማለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን።»

ወንበሩ ላይ ተደላደለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ መንጫጫት ሰምቼ አላውቅም። «ትናንት የማይታጠፍ ሕሊና ነበረህ። ምነው፣ ሌሊቱን ምን ነካው?»

«ቦታው አለ ወይ?»

«ወረቀቱ ተፈርሟል» አለ። «የሰርቨሩ ኃላፊ ፈረመ። ለካ ባለሙያ ማለት ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። ቦታውም ሄዷል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ሰጠሁ። ትርፍ ቦታ እኮ አያድርም።» ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረውን ንቀት ትናንት እኔ ፊት ላይ ሳያየው አልቀረም። «የሆነው ሆኖ ስለ መስመሯ እናመሰግናለን። ሲስተሙ አሁን እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።»

ጄኔሬተርን አንሶላ መጋዘኑ ውስጥ አገኘሁት። ሲያየኝ ዳቦውን ከጀርባው ደበቀ፤ ዳቦውን ለምን እንደሚደብቅ እሱም አያውቅም።

«ምን ላድርግ?» አለ። «አሁን ተስማሚ ነው ወይ አሉኝ፤ ነው አልኩ። አረንጓዴ ነው እኮ! አንተው ነህ አረንጓዴ ያደረግከው።»

«ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ይላል።»

«እሱን አላነበብኩትም» አለ። እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ። እንኳን እሱ፣ ወረቀቱ የሚላክላቸውም ሰዎች አያነቡትም።

ዐርብ አለፈ፤ ሐኪሙ ሄደ። ጥሪው ከዚያ ወዲህ ለሁሉም በሚነበብ ፊደል ይደርሳል። የአቶ ሲስተም ሥዕል ላይ ቀዩ ዓምድ ወርዶ ሰማያዊው ወጣ፤ እሱም ርእሱን «የቀጠሮ ባህል መሻሻል» ብሎ ለወጠው። ስለ ቀድሞዎቹ ግን ማንም ምንም አላለም። ከካርድ ክፍል ሴቶች አንዷን ለምኜ ቁጥራቸውን ለማግኘት ሞከርኩ፤ «ሲስተሙ አይፈቅድም» አለችኝ፣ በቅንነት። ብዙ ሳልቆይ ሥራውን ተውኩ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ጥበቃው ብቻ መታወቂያዬን ሲቀበለኝ «ድሮም እንደማትቆይ አውቄ ነበር» አለኝ፤ ያንንም ያውቀዋል።

የአጎቴ ቀኝ ዓይን የሚቀጥለውን ዙር አልጠበቀም። ልጁ ናት ደውላ የነገረችኝ፤ አጭር ነበር ንግግሯ። ሱቁን ዘግቷል። ያልተሠሩትን ሰዓቶች ለባለቤቶቻቸው መልሷል፤ ማን ማን እንደሆኑ ሰዓቶቹን በጣቱ እየዳበሰ ነው የለየው። ድምፄን መስማት እንደማይፈልግ አልነገረችኝም። «ትንሽ ይቆይ» ነው ያለችው፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም።

አሁን ያለሁት ሌላ ከተማ ነው፤ የባንክ ማሽኖች ላይ ያንኑ ምርመራ እሠራለሁ። አሁን ነቅዬ ሰክቼ ነው የምመረምረው። ሰው ፊት የሚሠራ ማሽን አላምንም። አቶ ሲስተምን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ንቀቴ ግን እንደ በፊቱ አያሞቀኝም።

ለአጎቴ ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ያኔ ብነግረው ማባበያ ይመስላል ብዬ ተውኩት፤ ወይም እውነቱን ለመናገር፣ ሰርዤ ከወጣሁት ይልቅ ተመልሼ የሄድኩት አሳፍሮኝ ነበር። ስልኩ አሁን ልጁ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ታነብለታለች። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ፦

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። በነጋታው ልፈርም ተመልሼ ሄጄ ነበር። ዘገየሁ።»

ላክሁት። ስልኬ ደርሷል አለኝ፤ ቆይቶም ተነቧል አለኝ። መልስ አልመጣም።